ጭምት ምን ተሰማት?

ጭምት ጮክ ብላ አትናገርም ነበር። የምትናገረው በመምህርታችን ጆሮ ብቻ ነው። መምህርታችን ከመሳቢያው አውጥታ ቀኝ እጇ ላይ ታጠልቃታለች። ጭምት ክፍሉን ግራና ቀኝ ቃኝታ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ ወደ ጆሮዋ ትጠጋለች። ሹክሹክታው አይሰማም። እኛ ግን የሚያመልጠን ነገር ያለ ይመስል ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጣለን።

«እህ» ትላለች መምህርታችን። «ውይ። ከዚያስ?»

ጭምት ካልሲ ነበረች። ግራጫ፣ ተረከዙ የሳሳ የወንድ ካልሲ። አንዱ ዓይኗ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ፣ ሌላው ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ ስለሆነ ሁልጊዜ ሰውን የምትጠረጥር ትመስላለች። ጸጉሯ ከተተረተረ ሹራብ የተረፈ ቀይ ክር ነው። ካልሲ መሆኗን ሁላችንም እናውቅ ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲናገር ስለሚያፏጭ ፊሽካ ያልነው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን «ካልሲ እኮ ናት» ብሎ ነበር።

«አዎ፣ ካልሲ ናት» አለችው መምህርታችን። «ካልሲ አይከፋውም ያለህ ማን ነው?»

ፊሽካ አሰበበት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያነሳ ልጅ የለም።

እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ አውቃለሁ። ካልሲው የአባቴ ነው። መምህርታችን ደግሞ እናቴ ናት።

በአፀደ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ግን እናቴ አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት እጄን ይዛኝ ትመጣና የግቢው በር ላይ ስንደርስ ትለቀዋለች። «ከዚህ ወዲያ ቲቸር ነኝ» ትለኛለች ነጠላ ጫማዬን እያስተካከለች። «እንደ ሌሎቹ ልጆች ነሽ። እሺ ሚጣዬ?» እሺ እላለሁ። እኔም ሁለት ሴቶች እንዳሉ አመንኩ። የትምህርት ቤቷ ሴት ተንበርክካ ዓይን ዓይናችንን እያየች ታወራናለች፣ አፍንጫችንን ትጠርግልናለች፣ ትስቃለች። የቤቷ ሴት ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ትጋደምና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በድምፃቸው ብቻ ነው። የቤቷን ሴት እወዳታለሁ። የትምህርት ቤቷን ሴት ግን እናፍቃታለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን በተለይ።

በክፍሉ ግድግዳ ላይ ከካርቶን የተቆረጡ አራት ክብ ፊቶች ተለጥፈው ነበር። ደስታ በመስኮቱ በኩል ነው፣ ፀሐይ ስታርፍበት ቢጫው ቀለም ያበራል። ሐዘን ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ። ንዴት ከበሩ በላይ፣ ቅንድቦቹ እንደ መጥረጊያ። ፍርሃት ኮታችንን ከምንሰቅልበት ማዕዘን፣ አፉ ክብ ሆኖ። ጭምት ሹክ ብላ ስትጨርስ መምህርታችን ወደ እኛ ትዞርና ትጠይቃለች፦ «ጭምት ምን ተሰማት? ሄዳችሁ ቁሙ።» እኛ እየተጋፋን ተነስተን፣ ጭምት የተሰማት ከመሰለን ፊት ሥር እንቆማለን። እያንዳንዳችን ለምን እዚያ እንደቆምን እንናገራለን። ስህተት የሚባል መልስ የለም። በመጨረሻ ጭምትን አንድ ሰው አቅፎ ያጽናናታል፣ ተራችን እስኪደርስ እንሻማለን።

የጭምት ቤት ወሬ መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር። ማበጠሪያዋ ጠፋ። ዝናብ ላይ ልጫወት ስትል ተከለከለች። ኋላ ኋላ ግን ሌላ ወሬ መጣ።

«ትናንት» አለች መምህርታችን አንድ ጠዋት፣ ጆሮዋን ለጭምት እንደሰጠች፣ «እነ ጭምት ቤት ሰዎች ምሳ እየበሉ ነበር። ድንገት አንዱ ተነሳ። ሳህኑ ወደቀ። ከዚያ በሩ ድርግም ብሎ ተዘጋ፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። ጭምት ጠረጴዛ ሥር ገባች። ብዙ ሰዓት አልወጣችም።»

ይህ የእኛ ቤት ነው። ሳህኑ የእኛ ሳህን ነው፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው። ስብርባሪውን ከወንበሩ ሥር ያየሁት እኔ ነኝ። ጭምት ደግሞ በእናቴ ቦርሳ ውስጥ ሆና ከእኛ ጋር ቤት ትገባለች፣ አንዳንዴ ክሯ ሲላላ ልትሰፋላት ታመጣታለች። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ጭምት ቤታችን ገብታ፣ አይታ፣ ሰምታ፣ ጠዋት መጥታ ታሳብቃለች።

በእኛ ቤት ደግሞ አንድ ትእዛዝ ነበር። «የቤታችንን ነገር ለማንም እንዳታወሪ።» ይህን ያለችኝ እናቴ ናት፣ የቤቷ ሴት፣ አገጬን በሁለት ጣቶቿ ይዛ። ለጎረቤት አይነገርም። ለአክስት አይነገርም። ለቲቸር እንኳ አይነገርም ማለት ነው ብዬ ተረዳሁ። ትእዛዙን ጭምት አልሰማችም ይሆናል። ወይም ሰምታ ንቃዋለች።

ጭምት ያን ቀን ጠረጴዛ ሥር ሳይሆን ቦርሳ ውስጥ እንደነበረች ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ቦርሳው ደግሞ ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ሆኜ አየው ነበር። ብዙ ሰዓት ሳልወጣ አየው ነበር።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዓይኑ ሲደክም ከመሪው አንስተው አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ የሌሎችን አውቶቡስ አጣቢ አደረጉት። ማታ ማታ እግሩ ርሶ ይገባል፣ ካልሲውን አውልቆ ወንበር ላይ ያሰጣል፣ ዝም ይላል። መንገድ ላይ አውቶቡስ ሲያልፍ ብቻ ጆሮው ይቆማል። «ሰማሽ?» ይለኛል። «በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ሊወጣ ነው፣ ደንቆሮ። ሞተሩን ገደለው።» እኔም «ደንቆሮ» እላለሁ፣ እሱን ደስ እንዲለው። ያኔ ይስቃል፣ ጭኑ ላይ ያስቀምጠኛል፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጬ መሪ እንዳዞር ያደርገኛል። «ፍሬን! ፍሬን! ሰው አለ!» ይላል። እንዲህ ያለ አባት የነበራት ልጅ ነበርኩ።

የምፈራው አባቴን አልነበረም። በሩን ነበር። በራችን መጥፎ በር ነው ብዬ አምን ነበር፣ የሚናደድ በር። ቀኑን ሙሉ ጨዋ ሆኖ ይውልና ማታ ላይ፣ ሰዎች ድምፃቸው ከፍ ሲል፣ ደሙ ይፈላል። ድርግም። ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ይዘላል። አንድ ቀን እናቴን ነከሳት። የተጨነቀ ድምፅ ሰማሁ፣ የእሷ ነው። በማግስቱ የቀኝ እጇ ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለው ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት ቁርስ ላይ።

«በሩ» አለች። «ምንም አይደለም። አንቺስ፣ ደነገጥሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

አባቴ ሻዩን እያማሰለ ነበር። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ ማማሰሉን ግን አላቆመም። «አላየሁም እኮ» አለ ለሻዩ። «ጨለማ ነው። ይሄ ዓይኔ…»

በዚያ ሳምንት ጭምት ወፈረች። ክፍል ውስጥ ስትወጣ ጭንቅላቷ አብጦ፣ ዓይኖቿ ተራርቀው ነበር። «ቲቸር፣ ጭምት ወፈረች!» አለ ፊሽካ እያፏጨ። ሁላችንም ሳቅን። «ዳቦ በልታ ነው» አለች መምህርታችን። «ከእናንተ ሱቅ።» ፊሽካ ኮራ። ፋሻው በካልሲው ውስጥ እንደነበረ ያኔ አልገባኝም። ያሰብኩት የእኛ ቤት ምግብ እንደተስማማት ነው።

አሁን ችግሬ ምን እንደነበር መናገር እችላለሁ። አባቴ፣ የራሱ ካልሲ በሰው ፊት ስሙን እያጠፋች መሆኗን ቢሰማ ምን ያደርጋታል? ቆሻሻ ውስጥ ይወረውራታል። ወይ ይለብሳታል፣ ቦቲ ጫማው ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ። ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ጭምትን ለማዳን ቆርጬ ተነሳሁ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ያለችው ሁሉ ውሸት እንደሆነ ማሳየት። ሌሎቹ ልጆች ወደ ፍርሃት ሲሮጡ፣ እኔ ብቻዬን ሄጄ በመስኮቱ በኩል፣ ከደስታው ፊት ሥር እቆማለሁ።

«እሺ፣ አንቺስ?» ትለኛለች መምህርታችን። «ለምን ደስ አላት?»

«በቃ ደስ ብሏታል።»

«በሩ ድርግም ሲል ደስ አላት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ድምፁ ስለሚያምር።»

ልጆቹ ከት ብለው ይስቃሉ። መምህርታችን አትስቅም። ጭምትን እጇ ላይ እንዳጠለቀች ትንሽ ታየኛለች፣ ከዚያ «እሺ፣ ስህተት መልስ የለም» ትላለች፣ ፊቷ የቤቷን ሴት ፊት እየመሰለ። በማግስቱ ጭምት ሌላ ወሬ ይዛ ትመጣለች። ጭምት ጆሮዋን በትራስ እንደያዘች። ጭምት ሽንት እንዳመለጣት። ጭምት ሆዷን እያመማት እንኳ ከትምህርት ቤት መቅረት እንደማትፈልግ፣ ወጥታ ቤት መግባትም እንደማትፈልግ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ከቤታችን የወጣ ነው። በየቀኑ እሷ ታወራለች፣ በየቀኑ እኔ ከደስታው ሥር እቆማለሁ። ሁለታችን ሳንነጋገር እልህ ተጋባን።

ዛሬ እኔ መምህራንን አሠለጥናለሁ። ሩቅ አገር ሄጄ፣ ሕፃናት ስሜታቸውን እንዴት እንደሚያውቁትና እንደሚገሩት ተምሬ ተመልሻለሁ፣ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ እየዞርኩ የተማርኩትን እመልሳለሁ። ይሠራ አይሠራ እርግጠኛ አይደለሁም። ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ያላት አስተማሪ ፊት ቆሜ «እያንዳንዱን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ» ስል ራሴን እታዘበዋለሁ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሲሞቅ፣ ሁሉም ሲደክመው፣ እኔም ሲደክመኝ፣ የጭምትን ታሪክ አወጣለሁ። ለዘመድ ለጎረቤት መናገር ያልቻለችውን ጭንቀቷን በካልሲ አፍ ለሕፃናት ስለተናገረች አስተማሪ እነግራቸዋለሁ። ልጆቹ ናቸው ያጽናኗት እላለሁ። ያኔ ሠልጣኞቹ ይነቃሉ፣ አንዳንዷ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ ግን በተናገርኩት ቁጥር ታሪኩ ደጋግሞ እንደታጠበ ጨርቅ እየሳሳብኝ መጣ። የሆነ ቦታ ላይ የሳትኩት ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር።

ወደ ወላጆች ቀን ልምጣ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወላጆች መጥተው ትምህርታችንን ያያሉ። እናቴ ከማለዳ ጀምራ ክፍሉን ጠርጋ ወንበር ስትደረድር አየኋት። የትልልቅ ሰዎች ወንበር ስለሌለ የእኛኑ ትንንሽ ወንበሮች ነው በግድግዳው ዙሪያ የደረደረችው። ወላጆች ሲመጡ በር ላይ ተቀብላ አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መራቻቸው። «እርስዎ እዚህ፣ ጋሼ። እትዬ፣ እርስዎ ወዲህ ይምጡ።» ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት የነካው ጫማውን ከወንበሩ ሥር ለመደበቅ ሲታገል ትዝ ይለኛል። ዳይሬክተሯ በሩ አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው ፈገግ ይላሉ።

አባቴ መጨረሻ ላይ መጣ። ተላጭቷል፣ ኮት ለብሷል። እናቴ ክንዱን ያዝ አድርጋ በመስኮቱ በኩል ወዳለው ወንበር ወሰደችው። ሲቀመጥ ጉልበቶቹ አገጩ ላይ ሊደርሱ ነበር። ከራሱ በላይ ቢጫው የደስታ ፊት ይስቃል። «አባዬ» አልኩት በከንፈሬ። ጠቀሰኝ፣ መሪ የማዞር ምልክት አሳየኝ።

ልቤ ግን መሳቢያው ጋ ነበር። ዛሬ ብቻ እንዳታወጣት ብዬ ለመንኩ። አወጣቻት።

አባቴ ካልሲውን አየ። ወደ እግሩ ዝቅ ብሎ አየ፣ ወደ ካልሲው ቀና ብሎ አየ። «ይቺ ናት እንዴ!» አለ። «አንዷን ስፈልጋት የከረምኩት!» ወላጆች ሳቁ። እናቴም ሳቀች። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁት።

ጭምት ሹክ አለች። «ጭምት ዛሬ» አለች መምህርታችን፣ «ማበጠሪያዋን አጣችው።» ተነፈስኩ። ጭምት ብልህ ናት፣ እንግዳ መኖሩን አይታለች። ፊሽካ ግን አፉ ወንፊት ነው።

«ቲቸር፣ በሩስ?» አለ።

«የትኛው በር?» አሉ ዳይሬክተሯ፣ ልጅን በሚያበረታታ ድምፅ።

«የነጭምት ቤት በር። በጣም ይናደዳል። ድርግም! ይላል። ጭምትም ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ሽንቷም አመለጣት» አለ ፊሽካ እያፏጨ። ልጆቹ ከየአቅጣጫው ያሟሉለት ጀመር። ሳህኑ። ትራሱ። የሆድ ሕመሙ። ወላጆች እየሳቁ ነበር። አንዷ እናት «ምን ዓይነት ቤት ነው እሱ» አለች ለጎረቤቷ። አባቴ መሳቁን አቁሟል። እጆቹ ጉልበቶቹ ላይ ተዘርግተው ቀርተዋል፣ አውቶቡስ ሲያልፍ እንደሚያዳምጠው እያዳመጠ ነበር።

እናቴ ወሬውን ማዞር ትችል ነበር። ማበጠሪያው አለ። መዝሙር አለ። እሷ ግን ጭምትን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠየቀች።

«እሺ። በሩ ድርግም ሲል፣ ጭምት ምን ተሰማት? ሄዳችሁ ቁሙ።»

ወደ ፍርሃት ጎርፍ ሆነው ሄዱ። ወንበሮች ተገፉ፣ ኮቶች ወደቁ። እኔ መሐል ወለሉ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ጭምትን የማዳን ጊዜው አሁን ነው። ወደ ደስታው መሄድ፣ ድምፁ ስለሚያምር ማለት፣ ሁሉንም ውሸት ማድረግ። ዞርኩ። ከደስታው ፊት ሥር ግን አባቴ ተቀምጧል። ጉልበቶቹ ሁልጊዜ የምቆምበትን ቦታ ይዘውታል። ዓይኑን አጥብቦ፣ አጥርቶ ሊያየኝ እየሞከረ ያየኛል። አንድ እግሬን አነሳሁ። የምቆምበት ቦታ የለም ብዬ አሰብኩ። ቦታ የለም። እግሬ በራሱ ጊዜ ዞረና ወደ ማዕዘኑ ወሰደኝ። ከኮቶቹ መሐል ገብቼ፣ ከክቡ አፍ ሥር፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ቆምኩ።

እናቴ ወደ እኔ እያየች ነበር። ለምን እዚያ እንደቆምኩ አልጠየቀችኝም።

«ማን ያጽናናት?» አለች በመጨረሻ፣ በደከመ ድምፅ።

ልጆቹ እኔ እኔ ሲሉ አባቴ እጁን ዘረጋ። እናቴ አመነታች፣ ከዚያ ሰጠችው። ካልሲውን እጁ ላይ ማጥለቅ አላወቀበትም፣ አውራ ጣቱ በተረከዙ ቀዳዳ ወጣ። ጭምትን ወደ ጆሮው አስጠጋት።

«ምን አለችህ?» አለ ፊሽካ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እግርህ ይሸታል አለችኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ዳይሬክተሯ ሳይቀሩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባቴ ግን ጭምትን ከጆሮው አላወረዳትም። ሁሉም ስቆ ከጨረሰ በኋላም፣ መዝሙር ከተጀመረ በኋላም፣ እንደያዛት ነበር። እኔም በጣም ደስ አለኝ። ሌላ ነገር ሹክ ብላው እንደነበረ፣ እሱም እንዳልተቆጣት አየሁ። ታረቁ ብዬ ደመደምኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጠዋት፣ አባቴ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ሌላ ከተማ ባለ ዴፖ ሥራ እንዳገኘ ነገረኝ። ሥራውን የጠቆመችው ጭምት መሆን አለባት ብዬ ስለገመትኩ አልጠየቅሁትም። ጸጉሬን ሳመኝ። «ደንቆሮ ሾፌር ስትሰሚ ታስቢኛለሽ» አለኝ። ከዚያ ወጥቶ በሩን ሳበው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብሎ የተዘጋ በር አላየሁም። ከቀስታው ብዛት አልገጠመም፣ ክፍተት ቀረው፣ የጠዋት ብርሃን በቀጭኑ ገባ። እናቴ ተነስታ ገጠመችው። ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ ቆየች። ነገሩ የገባኝ መሰለኝ፣ በሩ ድኗል፣ እያመሰገነችው ነው።

ክፍል ውስጥም አወራሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤታችንን ነገር አወጣሁ። «በራችን ዳነ» አልኳቸው። ሄጄም ከደስታው ሥር ቆምኩ። ቦታው ክፍት ነበር።

ሥራ አልነበረም። ወንድሙ ቤት ነበር የሄደው፣ ኋላም ሌላ ቤት መሠረተ። አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያወራኛል፣ አይገባም። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ጥርስ እንደሚለወጥ ቀስ በቀስ አወቅሁት።

ባለፈው ሳምንት ከሥልጠና ስመለስ እናቴ ጋ ጎራ አልኩ። እዚያው ቤት ናት። ጡረታ ወጥታለች፣ ጉልበቷ አስቸግሯታል። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። እግሯ ሥር ተቀምጬ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አስተማርሽ?» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ጭምትን።»

«ያቺን ካልሲ?» ፈገግ አለች። «ምን ብለሽ?»

ነገርኳት። ለሠልጣኞቹ እንደምለው፣ ትንሽ ቆርጬ። ስሟን እንደማልጠራ ነገርኳት። ጭምት የእሷ አፍ እንደነበረች፣ ልጆቹ ሳያውቁት እንዳጽናኗት። ሰምታ ስትጨርስ ዓይኗን ገለጠች።

«እኔን? ለሕፃናት ችግሬን ላወራ? ምን ነክቶኝ?»

«ታዲያ ለማን ነበር የምታወሪው?»

«አንቺን ነበር የምጠይቅሽ» አለች።

አንድ ጫማዋ እጄ ላይ ቀረ።

«ቤት ውስጥ ስጠይቅሽ ምንም አልሆንኩም ነው» አለች። «ጠረጴዛ ሥር ሆነሽ፣ ምንም አልሆንኩም። አትናገሪ ያልኩሽ እኔ ራሴ፣ እንዴት ብዬ ተናገሪ ልበልሽ? ካልሲ ነው የታየኝ። አንቺ ደግሞ ከዚያ መስኮት አልነሳ አልሽ። በየቀኑ አዲስ ወሬ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ በየቀኑ ደስ ብሏታል። ድምፁ ስለሚያምር።» ራሷን ነቀነቀች። «አድክመሽኝ ነበር።»

«ብነግርሽስ ኖሮ?»

«እወስን ነበራ። ልጄ ደስ ብሏታል እያለችኝ አባቷን ምን ብዬ እነጥቃታለሁ? የደከመኝ እኔ ነኝ። ለእኔ ድካም ብዬ?» ወደ ጣሪያው አየች። «በወላጆች ቀን ግን ሄደሽ እዚያ ማዕዘን ቆምሽ። በቃ። በማግስቱ ነገርኩት። እሱም አልተከራከረኝም። አይቶሽ ነበር።»

ውጭ መንገዱ ላይ አውቶቡስ አለፈ፣ ማርሽ ሲቀየር ይጮሃል። ሁለታችንም እስኪያልፍ ጠበቅን። ያኔ ያሰብኩትን ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ ነበር። የአንድ ቤት ሕይወት በአንድ ሕፃን እግር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ያ እግር ደግሞ የእኔ ነው፣ እኔም ስለ እግሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

«እማዬ» አልኩ። «እኔ እኮ ያን ቀን ወደዚያ የሄድኩት ቦታ አጥቼ ነው። ከደስታው ሥር አባዬ ተቀምጦ ነበር። ጉልበቱ ቦታውን ይዞት ነበር። ለዚያ ነው እንጂ…»

«ወንበሮቹን የደረደርኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

ሌላኛውን ጫማ አወለቅሁት። ካልሲዋ ርሶ ነበር፣ ልብስ ስታጥብ ውላለች። እሱንም አወለቅሁት፣ አጣጥፌ ጫማው ላይ አደረግሁት። ልቆጣ አሰብኩ። ላለቅስ አሰብኩ። አራቱን ፊቶች በልቤ አንድ በአንድ ዞርኳቸው፣ የምቆምበት አጣሁ። እናቴ እንደ ድሮዋ፣ እንደ ትምህርት ቤቷ ሴት፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቀኝ ነበር።

«ደክሞሻል» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ለድካም ፊት አልሠራሁለትም ነበር» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። «ካርቶኑ አለቀብኝ።»

ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ሳብኩላት። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ እንዳይጮህባት። ሳይገጥም ቀረ። እጄን እጀታው ላይ እንዳደረግሁ ቆምኩ፣ ተነስታ ልትገጥመው ስትመጣ የእግሯን ድምፅ እያዳመጥኩ።

አልተነሳችም።